አልካፈል ያለ ቁጥር

የተከበራችሁ የሀርሺን ሽማግሌዎችና እናቶች፣ መምህራን፣ የከብት ነጋዴዎች፣ እንዲሁም ከፊት ምንጣፍ ላይ የተቀመጣችሁ ተማሪዎች!

የዛሬው ርእሳችን ቁጥር ነው፤ ግመል በሚረባበት አገር ግን የቁጥር ወሬ ከግመል ቢጀምር ይሻላል። ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል። አንድ ሰው 17 ግመሎች ትቶ ሞተ። ኑዛዜው ለበኩር ልጁ ግማሹን፣ ለመካከለኛው ሲሶውን፣ ለታናሹ ከዘጠኝ አንዱን ይላል። ልጆቹ ቢያሰሉት ቢያሰሉት ግመል ሳይታረድ የሚሆን አልሆነም። በኋላ አንድ ሽማግሌ የራሱን ግመል እየሳበ መጣና ከመንጋው ቀላቀለው፤ 18 ሆኑ። ግማሹ 9፣ ሲሶው 6፣ ከዘጠኝ አንዱ 2፤ ሲደመር 17። ሽማግሌው የራሱን ግመል መልሶ ይዞ ሄደ።

ሸሪዓ የተማራችሁ አባቶች ፈገግ ስትሉ አያለሁ። ልክ ናችሁ፤ ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱ በቀር ለወራሽ የተደረገ ኑዛዜ አይጸናም። ጉዳዩ ቃዲ ዘንድ ቢደርስ ሽማግሌውም ትርፉ ግመልም ባላስፈለጉ ነበር። በሒሳብ በኩል ደግሞ ሌላ እንከን አለበት። ግማሽ፣ ሲሶና ከዘጠኝ አንድ ቢደመሩ አንድ ሙሉ አይሞሉም፤ ከ18 እጅ 17ቱን ብቻ ይሆናሉ። ሟቹ ንብረቱን ጨርሶ አላከፋፈለም፤ ሽማግሌውም ያን ጉድለት አውቆ ነው የተጫወተበት።

እኔ የምወደው ግን ታሪኩ 17ን መምረጡን ነው። 17ን ለሁለት ብታካፍሉት አንድ ይተርፋል፤ ለሦስት ሁለት፣ ለአራት አንድ፣ ለአምስት ሁለት፣ ለስድስት አምስት። ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። እንዲህ ያለውን በትምህርት ቤት ብቸኛ ቁጥር ብላችሁ ተምራችሁታል። ሌላው ሁሉ፣ ከአንድ በቀር፣ በብቸኞቹ ይተነተናል፤ 18 ማለት 2 ጊዜ 3 ጊዜ 3 ነው፣ ሌላ መተንተኛ መንገድም የለውም። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሦስቱን ወንድማማቾች ያስቸገረው ይህ አልካፈል ባይነት ዛሬ በየኪሳችን ያለውን ምስጢር የሚጠብቀው ነገር ሆኗል።

ብቸኛ ቁጥሮች ማለቂያ የላቸውም። ይህን ከ2,300 ዓመት ገደማ በፊት ዩክሊድ የተባለ የጥንት የሒሳብ ሊቅ አረጋግጦታል፤ ማረጋገጫውም ከሽማግሌው ዘዴ ጋር ይዛመዳል፤ አንድ መጨመር ነው። እናንተ የምታውቋቸው ብቸኛ ቁጥሮች እነዚህ ብቻ ናቸው እንበል፦ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13። ሁሉንም አባዟቸውና አንድ ጨምሩ፤ 30,031 ይመጣል። ከስድስቱ በየትኛውም ብታካፍሉት አንድ ይተርፋል። ስለዚህ ወይ ራሱ አዲስ ብቸኛ ቁጥር ነው፣ ወይ ደግሞ ከዝርዝራችሁ ውጭ የሆኑ ብቸኛ ቁጥሮች በውስጡ አሉ። በእርግጥም 30,031 ማለት 59 ጊዜ 509 ነው፤ ሁለቱም ዝርዝራችሁ ውስጥ የሉም። ዝርዝሩ ምንም ያህል ቢረዝም ዘዴው ሁልጊዜ ይሠራል።

አሁን ስልካችሁን አውጡ። ቴሌብር ለመግባት *127# ትደውላላችሁ፤ 127 ብቸኛ ቁጥር ነው። የንግድ ባንኩ *889# ግን አይደለም፤ 889 ማለት 7 ጊዜ 127 ነው። ኮዶቹን የመረጡት ሰዎች ይህን አስበው ነው አልልም፤ መገጣጠም ነው። 127 ግን ከሌሎች ብቸኛ ቁጥሮች ለየት ያለ ዘር አለው። ሁለትን ሰባት ጊዜ ደርድረን ብናባዛ (ይህ 2 ርቢ 7 ይባላል፣ 7ቱ አርቢው ነው) 128 ይመጣል፤ አንድ ሲቀነስ 127። በዚሁ መንገድ ከ2 ርቢ 2 ላይ 3ን፣ ከ2 ርቢ 3 ላይ 7ን፣ ከ2 ርቢ 5 ላይ 31ን እናገኛለን፤ ሁሉም ብቸኛ ናቸው። አርቢው ራሱ ብቸኛ ካልሆነ ውጤቱ ብቸኛ እንደማይሆን የታወቀ ነው። አርቢው ብቸኛ ከሆነስ ይበቃል? በ11 ላይ ይሰበራል፤ 2 ርቢ 11 ሲቀነስ 1 እኩል ነው 2,047፣ እርሱም 23 ጊዜ 89 ነው።

እነዚህ ቁጥሮች የሚጠሩት ማረን መርሴን በተባለ ፈረንሳዊ መነኩሴ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1644 አርቢው እስከ 257 ድረስ የትኞቹ ብቸኛ ቁጥር እንደሚሰጡ ዝርዝር አወጣ። ዝርዝሩ ስሕተት ነበረበት፤ 67ንና 257ን ያለ ቦታቸው አስገባ፣ 61ን፣ 89ንና 107ን ዘለለ። ስሕተቱ እስኪታረም ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ፈጀ። በመሀሉ ኦይለር የተባለ የሒሳብ ሊቅ ዓይኑ እየጠፋ በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1772፣ 2 ርቢ 31 ሲቀነስ 1 ብቸኛ መሆኑን አሳወቀ። ቁጥሩ 2,147,483,647 ነው። ወጣቶቹ ሳታውቁት አግኝታችሁት ይሆናል፤ በ32 ቢት፣ አሉታዊ ቁጥሮችንም ጨምሮ፣ የሚቆጥር ኮምፒዩተር ሊደርስበት የሚችለው የመጨረሻው ቁጥር እርሱ ነው። «ጋንግናም ስታይል» የተባለው የኮሪያ ዘፈን በዩቲዩብ ተመልካቹ በዝቶ ይህን ቁጥር ሊያልፍ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ2014 ኩባንያው ቆጣሪውን ማስፋት ነበረበት።

ወደ ትልቁ እንምጣ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሉክ ዱራንት የተባለ የካሊፎርንያ ሰው ዛሬ እስከምናውቀው ድረስ ትልቁን ብቸኛ ቁጥር አገኘ፤ 2 ርቢ 136,279,841 ሲቀነስ 1። ቁጥሩ 41,024,320 አሃዞች አሉት። በየሰከንዱ አንድ አሃዝ እየጠራን ሌት ተቀን ብናነበው 475 ቀን ገደማ ይፈጅብናል። ዱራንት በ17 አገሮች በሚገኙ የመረጃ ማእከሎች የግራፊክስ ካርዶችን ተከራይቶ ነው ያሠራቸው፤ መጀመሪያ ምልክት የሰጠው በአየርላንድ ደብሊን ያለ ማሽን ነው፣ ያረጋገጠው በማግስቱ ቴክሳስ ውስጥ ያለ ሌላ ማሽን። ፍለጋው የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1996 በጆርጅ ዎልትማን በተጀመረ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ውስጥ ነው፤ ማንም ሰው ሶፍትዌሩን በነፃ ወስዶ ኮምፒዩተሩ ሥራ ሲፈታ እንዲፈልግለት ማድረግ ይችላል። ለግኝቱ የተመደበለትን 3,000 ዶላር ዱራንት ለተማረበት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ ክፍል እንደሚሰጥ ተናግሯል።

ያን ቁጥር ማንም ሰው ከዳር እስከ ዳር አያነበውም። ቢሆንም ስለ እርሱ እዚሁ ተቀምጠን ማወቅ የምንችለው ብዙ ነው። የመጨረሻ አሃዙን ልጠይቃችሁ። የሁለት ርቢዎች መጨረሻቸው 2፣ 4፣ 8፣ 6 እያለ በአራት በአራት ይደጋገማል። አርቢው 136,279,841 ለአራት ሲካፈል አንድ ይተርፋል፤ ስለዚህ ርቢው በ2 ያልቃል፣ አንድ ሲቀነስ በ1። አርባ አንድ ሚሊዮን አሃዝ ያለውን ቁጥር መጨረሻ በአንድ ደቂቃ አወቅነው! የፊተኛው አሃዝ 8 ነው፤ እርሱን ለማወቅ ግን ሎጋሪዝም ያስፈልጋልና ለአሥራ አንደኛ ክፍሎች ትቼዋለሁ።

አሁን የሠራነው ሥራ ቀሪን ብቻ ይዞ ሌላውን መጣል ነው። ይህ ዓይነቱ ሒሳብ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። ፋሲካን የሚያሰሉት የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ለዚያ የሚረዳቸውን አበቅቴ የተባለ ቁጥር ለ2018 ዓ.ም. ሲያወጡ 5,500 ላይ 2,018ን ይደምራሉ፣ በ19 እየገደፉ 13 ያስቀራሉ፣ አንድ ቀንሰው 12ን ወንበር ይላሉ። 12ን በ11 አባዝተው በ30 ሲገድፉ አበቅቴው 12፣ በ19 አባዝተው በ30 ሲገድፉ መጥቅዕ የሚሉት ሌላው ቁጥር 18 ይሆናል። ያ 11 ከየት መጣ? የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት የሚበልጥበት ቀን ነው፤ ረመዷን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ የሚመጣው በዚያው ምክንያት ነው። ፋሲካን የሚያሰላ መርጌታና ጨረቃን የሚጠብቅ ሼህ ያንኑ 11 ይዘው ኖረዋል።

ሌላም የእኛ የሚባል ነገር አለ። በዓለም የሒሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዛት» የሚባል ዘዴ አለ። አንዳንዶች የሩስያ ገበሬ ዘዴ ይሉታል፣ መሠረቱም ከ3,500 ዓመት በፊት በተጻፈ የግብፅ ፓፒረስ ላይ ይታያል፤ በባለቤትነቱ አልጨቃጨቅም። የማባዣ ሠንጠረዥ አይጠይቅም፤ ማጋመስና ማጠፍ ብቻ ነው። 17 ጊዜ 23ን እንሥራ። በአንድ ወገን 17ን አጋምሱ፣ ትርፉን ጣሉ፦ 17፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1። በሌላው ወገን 23ን እጠፉ፦ 23፣ 46፣ 92፣ 184፣ 368። በግራ ጎዶሎ ቁጥር ካለበት መስመር የቀኙን ውሰዱ፤ 23 እና 368። ድምሩ 391። አሁን በማጠፍ ፈንታ ቁጥሩን በራሱ አባዙት፣ በመደመር ፈንታ ደግሞ አባዙ፤ ማባዛቱ ወደ ርቢ ይለወጣል። ስልካችሁ አንድን ቁጥር ወደ ሰማይ ጠቀስ ርቢ የሚያወጣው በዚሁ መንገድ ነው። እያንዳንዷን ማባዛት በየተራ ልሥራ ቢል ኖሮ የዓለም ዕድሜም አይበቃውም ነበር።

አንድ ግዙፍ ቁጥር ብቸኛ መሆኑ እንዴት ይታወቃል? ሁሉንም አካፋይ መሞከር አይታሰብም። ኤድዋር ሉካ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ለመርሴን ቁጥሮች አቋራጭ አገኘ፤ በኋላ ሌመር የተባለ አሜሪካዊ አስተካከለው። ከ4 ጀምር። በራሱ አባዛ፣ 2 ቀንስ፣ በምትፈትነው ቁጥር ግደፍ፣ ቀሪውን ያዝ። አርቢው ሲቀነስ ሁለት ጊዜ ያህል ይህን ደጋግም። መጨረሻው ዜሮ ከሆነ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፤ ዜሮ ካልሆነ አይደለም።

በ127 ላይ እንሞክረው። አርቢው 7 ነውና 5 ጊዜ ብቻ እንደጋግማለን። 4 በራሱ 16፣ ሁለት ሲቀነስ 14። 14 በራሱ 196፣ ሁለት ሲቀነስ 194፣ በ127 ሲገደፍ 67። 67 በራሱ 4,489፣ ሁለት ሲቀነስ 4,487፣ ቀሪው 42። 42 በራሱ 1,764፣ ሁለት ሲቀነስ 1,762፣ ቀሪው 111። 111 በራሱ 12,321፣ ሁለት ሲቀነስ 12,319። ይህንን በ127 አካፍሉት፤ 97 ጊዜ ይደርሳል፣ ምንም አይተርፍም። ዜሮ! 4፣ 14፣ 67፣ 42፣ 111፣ 0። በዚህ ጉዞ ውስጥ ወደ ዜሮ እንደሚያመራ የሚጠቁም አንድም ቁጥር የለም፤ 111 ላይ ቆመን ብንሆን ማን ይገምት ነበር? እኔ ይህን ስሌት ሁልጊዜ ስሠራው ያስገርመኛል፤ ለምን እንደሚሠራ የሚያስረዳውን ማረጋገጫ ማንበቤ ግርምቱን አልቀነሰውም። የዱራንት ማሽን ያደረገውም የመጨረሻ ማረጋገጫ በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ድግግሞሹ 136,279,839 ጊዜ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ሉካ ራሱ በዘዴው ያጸደቀው ቁጥር 2 ርቢ 127 ሲቀነስ 1 ነው፤ 39 አሃዝ አለው። ያለ ምንም ማስሊያ ማሽን፣ በእጅ ስሌት ከተገኙት ሁሉ ትልቁ ብቸኛ ቁጥር እስከ ዛሬ እርሱ ነው። አርቢውን ልብ በሉ፤ 127። ከ2 ተነሥተን 3፣ ከ3 ተነሥተን 7፣ ከ7 ተነሥተን 127፣ ከ127 ተነሥተን የሉካን ቁጥር አገኘን፤ ሁሉም ብቸኛ። ቀጣዩስ? የሉካን ቁጥር አርቢ አድርገን ብንሠራ የሚመጣው ብቸኛ ይሁን አይሁን በዓለም ላይ የሚያውቅ የለም። በሉካ ፈተናም አይሞከርም፤ ድግግሞሹ ራሱ 39 አሃዝ ያለው ቁጥር ነውና።

በዚያው በ1876 ሉካ ሌላም ነገር አሳየ፤ መርሴን ብቸኛ ነው ያለው 2 ርቢ 67 ሲቀነስ 1 ብቸኛ እንዳልሆነ። ሆኖም አካፋዮቹ እነማን እንደሆኑ አላወቀም። እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ የዛሬው ጉዳይ ልቡ ይህ ነው። አንድ ቁጥር እንደሚሰበር በእርግጠኝነት እናውቃለን፣ የት ላይ እንደሚሰበር ግን አናውቅም። ሁለቱ ዕውቀቶች የተለያዩ ናቸው። ከ27 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1903፣ ፍራንክ ኔልሰን ኮል የተባለ መምህር ኒው ዮርክ ላይ በአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ስብሰባ ንግግር እንዲያደርግ ተጠራ። እንደሚተረከው፣ ኮል አንድ ቃል አልተናገረም። ወደ ሰሌዳው ሄዶ 2ን እስከ 67 ርቢ ድረስ አሰላና አንድ ቀነሰ፤ 147,573,952,589,676,412,927። ወደ ሌላው ሰሌዳ ተሻግሮ 193,707,721 ጊዜ 761,838,257,287 ብሎ ጻፈና በእጁ አባዛው። ውጤቱ አንድ ሆነ። ጠመኔውን አስቀምጦ ወደ ወንበሩ ተመለሰ፤ ጉባኤው ቆሞ አጨበጨበ። ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀበት ሲጠየቅ የሦስት ዓመት እሑዶች ብሏል ይባላል። ማባዛቱን ለማየት ጥቂት ደቂቃ፣ አካፋዮቹን ለማግኘት የሦስት ዓመት እሑዶች! እኔ ዛሬ ብዙ ስለተናገርኩ እንደ ኮል አይጨበጨብልኝም፤ ይቅር በሉኝ።

ይህ ሁሉ ምን ይረባናል? የከብት ነጋዴ ወንድሞቼ ጥያቄውን ካሰባችሁት ቆይታችኋል። መልሱን ከራሳችን ታሪክ ልጀምር። በ1980 ዓ.ም. ሐርጌሳና ቡርዖ በጦርነት ሲመቱ፣ እዚሁ ጎረቤታችን ሀርትሼክ ላይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ስደተኛ ሰፍሮ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ተበታትነው የነበሩ ሶማሌዎች መልእክትና ገንዘብ የሚላላኩት ታር በሚሉት ራዲዮ ነበር። የራዲዮ ችግሩ ምንድን ነው? ሁሉም ይሰማል። ተቀባዩ ማን እንደሆነ ጎሣና የአባት የአያት ስም እየተጠየቀ ይረጋገጥ ነበር፤ ጥያቄውንም መልሱንም ግን ጆሮ የሰጠ ሁሉ ይሰማዋል። እናትና ልጅ በራዲዮ ብቻ እየተነጋገሩ፣ ሁሉም እየሰማቸው፣ እነርሱ ብቻ የሚያውቁትን ምስጢራዊ ቁጥር ሊስማሙ ይችላሉ? እ.ኤ.አ. እስከ 1976 ድረስ ብትጠይቁ አብዛኛው ሊቅ «አይሆንም» ይላችሁ ነበር። በዚያ ዓመት ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች መንገዱን አሳተሙ።

በ17 እንሥራው። እናትና ልጅ በራዲዮ፣ በይፋ፣ 17 እና 3 በሚባሉ ቁጥሮች ይስማማሉ። እናት በልቧ 6ን ትይዛለች፤ ለማንም አትናገርም። 3 ርቢ 6 ማለት 729 ነው፣ በ17 ሲገደፍ 15። «15» ብላ በራዲዮ ትልካለች። ልጅ በልቡ 7ን ይይዛል፤ 3 ርቢ 7 ማለት 2,187፣ ቀሪው 11። «11» ብሎ ይልካል። አሁን እናት የተላከላትን 11 በራሷ 6 ታረባዋለች፤ በ17 ሲገደፍ 8 ይቀራል። ልጅ የተላከለትን 15 በራሱ 7 ያረባዋል፤ ቀሪው 8 ነው። ሁለቱም 8ን ያዙ። በራዲዮው ላይ 8 የሚል ቃል ግን አልተነገረም። ሰሚው 17ን፣ 3ን፣ 15ንና 11ን ሰምቷል፤ 6ንና 7ን አልሰማም።

ለምን 17? ሽማግሌው የጨመረው ግመል አሁን ያስቸግረናል። በ17 ፈንታ 18ን ብንወስድ 3፣ ከዚያ 9፣ ቀጥሎ 27 በ18 ሲገደፍ እንደገና 9፣ ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው 9፣ 9፣ 9። ስሌቱ አንድ ቦታ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ ምስጢር የሚደበቅበት ስፍራ የለም። በ17 ግን የ3 ርቢዎች ከ1 እስከ 16 ያሉትን ሁሉ፣ አንዱንም ሳይዘሉ አንዱንም ሳይደግሙ፣ በተዘበራረቀ ቅደም ተከተል ያዳርሳሉ። 18 ለማካፈል የተመቸ ስለሆነ ምስጢር አይይዝም፤ 17 ለወራሾች ያልተመቸ ስለሆነ ይይዛል።

እርግጥ 16 ዕድል ብቻ ስላለ ሰሚው ሁሉንም ሞክሮ ሊደርስባቸው ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ መግዘፍ አለበት። ዋትስአፕ ላይ ለዘመዶቻችሁ የድምፅ መልእክት ስትልኩ በሥሩ የሚሠራው ብቸኛ ቁጥር 2 ርቢ 255 ሲቀነስ 19 ነው፤ 77 አሃዝ አለው። እዚያ ያለው ስሌት እኔ ካሳየኋችሁ ርቢ በዓይነቱ ይለያል፣ በኩርባ ላይ ያሉ ነጥቦችን የሚደምር ነው፤ የሚገደፍበት ቁጥር ግን ያ ብቸኛ ቁጥር ነው። ምስጢርም አይደለም፤ በይፋ ታትሞ ይገኛል። በ*127# ስትደውሉ ይህ ዘዴ እንደማይሠራ ግን ልንገራችሁ፤ ያ የቆየው የስልክ መስመር ነው። በኢንተርኔት የሚሠራ የባንክ መተግበሪያ ወይም ድረ ገጽ ስትከፍቱ ነው እነዚህ ግዙፍ ቁጥሮች የሚነሡት።

ሌላኛው ዘዴ በቀጥታ ከኮል እሑዶች የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ሪቬስት፣ ሻሚርና አድልማን የተባሉ ሦስት ሰዎች፣ ሁለት ግዙፍ ብቸኛ ቁጥሮችን አባዝቶ ብዜቱን በይፋ ማውጣት፣ ሁለቱን ግን መደበቅ ብለው አሰቡ። ማባዛት ቀላል ነው፣ መተንተን ከባድ። ዛሬ በተለምዶ የሚሠራበት ብዜት 617 አሃዝ አለው። እ.ኤ.አ. በ2020 ባለ 250 አሃዝ አንድ ብዜት ሲተነተን፣ ሥራው የኮምፒዩተር ፕሮሰሰር አንዱ ኮር ብቻውን ቢሠራው 2,700 ዓመት ገደማ የሚፈጅ ነበር። አገራችን በአዋጅ ቁጥር 1072/2010 ለኤሌክትሮኒክ ፊርማ ሕጋዊ ዕውቅና ስትሰጥ፣ ፊርማውን የሚያጸናው ብዕርና ማኅተም አይደለም፤ ይህን የመሰለ አልተነተን ያለ ስሌት ነው። ከዚህ ዘዴ ጋር በብዛት የሚሠራበት አርቢ ደግሞ 65,537 ነው፤ 2 ርቢ 16 ሲደመር 1። የግመሎቹ 17 የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ 2 ርቢ 4 ሲደመር 1። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ብቸኛ መሆናቸው የታወቀው አምስት ብቻ ናቸው፦ 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537።

እንግዲህ የዱራንት ቁጥር ለምስጢር ይጠቅማል? በፍጹም። ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ መጠኑም ለሥራ አይመችም። የሚጠቅመው ማንም የማያውቀው፣ ሦስት መቶ አሃዝ ገደማ ያለው፣ መሣሪያችሁ አሁኑኑ ከሰማይ ዱብ ያለ ያህል መርጦ፣ ፈትኖ የሚይዘው ብቸኛ ቁጥር ነው። እንዲህ ያለው ደግሞ እጅግ ብዙ ነው፤ ባለ ሦስት መቶ አሃዝ ቁጥሮች ውስጥ በአማካይ ከ700 ያህል አንዱ ብቸኛ ነው። ማንኛውንም ቁጥር በእርግጠኝነትና በፍጥነት ለመፈተን የሚያስችል አጠቃላይ ዘዴም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ያገኙት አግራዋል የተባሉ የሕንድ ካንፑር መምህርና ካያልና ሳክሴና የተባሉ ሁለት ወጣት ተማሪዎቻቸው ናቸው። ምንጣፍ ላይ ያላችሁ፣ ሁለት ተማሪዎች ነው ያልኩት።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ፣ ልሸፍነው አልፈልግም። ግዙፍ ብዜትን መተንተን ከባድ ነው የምንለው እስከ ዛሬ ቀላል መንገድ ስላልተገኘ ነው፤ ቀላል መንገድ እንደሌለ ያረጋገጠ ሰው የለም። የዓለም ገንዘብ የሚንቀሳቀሰው ማንም ባላረጋገጠው ነገር ላይ ነው። እንዲያውም ፒተር ሾር የተባለ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1994 ኳንተም ኮምፒዩተር የሚባለው መሣሪያ በበቂ መጠን ከተሠራ እነዚህን ብዜቶች በፍጥነት እንደሚተነትን አሳይቷል። ያ መሣሪያ በሚፈለገው መጠን ገና አልተሠራም። ሆኖም የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ለዚያ ቀን የሚሆኑ አዳዲስ የምስጢር ዘዴዎችን አጽድቋል። ከእነርሱ ዋነኛው በማትሪክስና ሆን ተብሎ በሚጨመር ስሕተት ላይ የተመሠረተ ነው፤ እርሱም ቢሆን የሚገደፍበት ቁጥር አለው። ስንት መሰላችሁ? 3,329። ባለ አራት አሃዝ ብቸኛ ቁጥር። ከ77 አሃዝና ከ617 አሃዝ በኋላ ተመልሰን በቃላችን ልንይዘው ወደምንችል ብቸኛ ቁጥር መጣን።

ብዙ ተናገርኩ። ሰሌዳውና ጠመኔው እዚህ አሉ። ተማሪዎች፣ ሁለት ቁጥር ልተውላችሁ። አንደኛው 2,047 ነው፤ ከ4 ተነሥታችሁ 9 ጊዜ ደጋግሙ፣ ስሕተት ካልሠራችሁ መጨረሻው 1,736 ይመጣል፤ ዜሮ አይደለምና ቁጥሩ ብቸኛ አይደለም፣ 23ንና 89ን ሳናውቅ እንኳ። ሁለተኛው 8,191 ነው፤ 2 ርቢ 13 ሲቀነስ 1። 11 ጊዜ ድገሙት። መጨረሻውን አልነግራችሁም። እስከዚያው ከሽማግሌዎቹ ጥያቄ ልቀበል።